የቤት ውስጥ የመውለድ አቅም መመርመሪያ፦ የቱ ይገዛል? የቱ ይቅር?

ልጅ ፈልጎ ወራት የሚቆጥር ሰው ምክር ሰጪው ይበዛበታል። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ሥር ቀቅለሽ ጠጪ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በስልኩ ከፍቶ «ቤትሽ ሆነሽ የምትመረመሪበት» የሚል ማስታወቂያ ያሳያል። በካምፕ ኑሮ የአንድ ፓኬት ዋጋ የሳምንት አስቤዛ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በገንዘብ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። አንዲት መስመር በስህተት ስትነበብ «ችግሩ ካንቺ ነው» የሚል ፍርድ ይከተላል፣ በዚያ ፍርድም ትዳር ይናጋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መመርመሪያዎቹ ምን እንደሚለኩ፣ ምን እንደማይለኩ፣ የትኛው ለማን እንደሚጠቅም እዚህ ዘርዝረናል። ባልና ሚስት አብራችሁ ብታነቡት ይመረጣል።

በአጭሩ

• በቤት የሚደረግ አንድም መመርመሪያ «ትወልዳለህ» ወይም «አትወልጂም» ብሎ አይፈርድም። እያንዳንዱ የሚያየው አንዲት ቁራጭ ነገር ብቻ ነው።
• ለአብዛኛው ጥንድ ገንዘቡን የሚያወጣው ርካሹ የወረቀት የእንቁላል መለቀቂያ መመርመሪያ (ኦቩሌሽን ቴስት) ነው። እሱም ለሁሉም አያስፈልግም።
• ውዱ የደም መመርመሪያና «የእንቁላል ክምችት» የሚባለው ለአብዛኞቻችሁ አያስፈልግም።
• የማህፀን ቱቦ መዘጋትን የሚያሳይ የቤት መመርመሪያ የለም። በአባላዘር በሽታ ምክንያት የሚመጣው ዋናው ችግር ግን እሱ ነው።
• ወንዱ ሳይመረመር ሴቷን ብቻ መመርመር ግማሽ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ቁጠሩ

ሐኪሞች መካንነት የሚሉት ጥንዶች አብረው እየኖሩ፣ መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ ግንኙነት ሳያቋርጡ 12 ወር ሞክረው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሴቷ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ግን 12 ወር ሳትጠብቅ 6 ወር ሲሞላ ወደ ሐኪም ብትሄድ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ ገደማ በሕይወቱ አንድ ወቅት ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ስለዚህ እናንተን ብቻ ያገኘ ነገር አይደለም፤ ሊያፍሩበትም አይገባም።

በሌላ በኩል ሴቷ ከ40 ዓመት በታች ከሆነች፣ አዘውትረው ከሚገናኙ 100 ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። በሦስተኛው ወር ላይ «አልሆነም» ብሎ መመርመሪያ መግዛት ብዙ ጊዜ መቸኮል ነው።

እዚህ ላይ የስደት ኑሮ የሚያመጣው አንድ ነገር አለ። ባልየው ሥራ ፍለጋ ከተማ ወርዶ በሁለት ወር አንዴ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ዓረብ አገር ከሆነ፣ ያ ዓመት ዓመት ተብሎ አይቆጠርም። የሚቆጠረው አብራችሁ የቆያችሁበት ጊዜ ነው። «ከተጋባን 3 ዓመት ሆነን» የሚሉ ጥንዶች ሲደማመር አብረው የኖሩት 5 ወር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቆጠራ የመከላከያ ነው። እንክብል፣ ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረውን የተጠቀመች ሴት ካቆመች ወይም ካስወጣች በኋላ የመውለድ አቅሟ ቶሎ ይመለሳል። የሦስት ወር መርፌ (ዴፖ) ግን ይለያል። የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ እስክታረግዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በዚህ መካከል የወር አበባ መዘበራረቁ ወይም መጥፋቱ የተለመደ ነው። መርፌው መካን አያደርግም፣ ያዘገያል እንጂ። ከመርፌ በኋላ በአራተኛው ወር መመርመሪያ ገዝታ መስመር አልወጣ ያላት እህት ገንዘቧንም እንቅልፏንም ታጣለች።

የወረቀቱ የእንቁላል መለቀቂያ መመርመሪያ

አሠራሩ ቀላል ነው። የሴት እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ኤል ኤች የሚባል ሆርሞን በድንገት ከፍ ይላል፣ ይህም በሽንት ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ ይለቀቃል። ወረቀቱ የሚይዘው ያንን ከፍታ ነው።

የተለቀቀ እንቁላል የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለማርገዝ አመቺ የሚሆኑት በወር 6 ቀናት ገደማ ናቸው፤ እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት 5 ቀናት።

በገበያ ሦስት ዓይነት ይገኛል፦

1. ቀጭን የወረቀት ስትሪፕ። በንጹሕ ዕቃ በተጠራቀመ ሽንት ውስጥ የሚነከር ነው። ርካሽ ነው፣ በብዛት ታሽጎ ይሸጣል፣ የሚለካውም ሆርሞን እንደ ውዶቹ ያው ነው።
2. የፕላስቲክ እጀታ ያለው። ውስጡ ያው ወረቀት ነው፤ የምትከፍሉት ለፕላስቲኩና ለምቾቱ ነው።
3. ዲጂታል። መስመር ከማነጻጸር ያድናል፣ በስክሪኑ ላይ ምልክት ያሳያል። ዋጋው ከወረቀቱ ብዙ እጥፍ ነው፣ መሣሪያውም ሙቀትና አቧራ አይወድም።

ዓይናችሁ ደህና ከሆነና ቀለም መለየት ከቻላችሁ የመጀመሪያው ይበቃል። ለአንድ ወር ከ5 እስከ 10 ወረቀት ያስፈልጋል፤ የወር አበባዋ የሚዘበራረቅባት ከዚያ በላይ ልትፈልግ ትችላለች።

መቼ ይጀመራል?

የወር አበባ የፈሰሰበት የመጀመሪያ ቀን «1ኛ ቀን» ይባላል። ከሱ እስከ ቀጣዩ የወር አበባ ዋዜማ ያሉት ቀናት አንድ ዑደት ናቸው። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ጤናማ ነው። ቢያንስ የሦስት ወር ጻፉና አጭሩን ዑደት ውሰዱ። ከሱ ላይ 17 ስትቀንሱ መመርመር የምትጀምሩበትን ቀን ታገኛላችሁ። ለ26 ቀን ዑደት 9ኛው ቀን፣ ለ28 ቀን 11ኛው፣ ለ30 ቀን 13ኛው፣ ለ32 ቀን 15ኛው ቀን ማለት ነው።

የእኛ ካላንደር ለዚህ ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ነውና። ለምሳሌ የወር አበባ ጥቅምት 5 መጥቶ ቀጣዩ ኅዳር 4 ከመጣ ዑደቱ 29 ቀን ነው። 29 ሲቀነስ 17 ይሆናል 12። ከኅዳር 4 ጀምራችሁ ስትቆጥሩ 12ኛው ቀን ኅዳር 15 ነው፤ ያን ቀን መመርመር ይጀመራል። ብቻ ጳጉሜን እንዳትረሷት! ነሐሴ 20 መጥቶ ቀጣዩ መስከረም 13 ቢመጣ፣ ጳጉሜን የረሳ ሰው 23 ቀን ይላል። 5ቱ ቀን ሲጨመር ግን 28 ነው፤ ፍጹም ጤናማ።

እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይነበባል?

• በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት መርምሩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ስልካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ይህ ከ10 እስከ 20 ሰዓት ማለት ነው። እንደ እርግዝና ምርመራ የግድ የማለዳ ሽንት አይፈልግም።
• ከመመርመራችሁ በፊት 2 ሰዓት ያህል ብዙ ውኃ አትጠጡ። ብዙ ከተጠጣ ሽንቱ ይቀጥንና መስመሩ ይደበዝዛል። ጸበል የምትጠጣ እህት ጠዋት በብዛት ከጠጣች ምርመራውን ወደ ከሰዓት ታድርገው።
• ወረቀቱን እስከ ተሰመረበት ምልክት ብቻ ንከሩ፣ ከዚያ አታሳልፉ። ደረቅ ቦታ ላይ አጋድሙት።
• መመሪያው ባለው ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይላሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ መስመር አይቆጠርም። «ማታ ጥዬው ጠዋት ሁለት መስመር ሆኖ አገኘሁት» የሚለው ውጤት አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። በእርግዝና መመርመሪያ ላይ ሁለተኛዋ መስመር ብትደበዝዝም «አለ» ማለት ናት። በእንቁላል መለቀቂያ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ኤል ኤች በየቀኑ በትንሹ ስላለ ደብዛዛ መስመር ሁልጊዜ ሊታይ ይችላል። «አለ» የሚባለው የምርመራው መስመር፣ «ቲ» የተጻፈበት፣ ከመቆጣጠሪያው መስመር ከ«ሲ» ጋር እኩል ሲደምቅ ወይም ሲበልጥ ብቻ ነው። «ሲ» ጋ ምንም ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷል፤ ጣሉትና በሌላ ድገሙ።

መስመሩ ሲደምቅ በዚያ ቀንና በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ተገናኙ። ለዚያ ወር መመርመሩም ይበቃል፣ የተረፈውን ወረቀት ለቀጣዩ አስቀምጡት። ባልየው ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ወረቀቱን ከመጠበቅ ቀኑን አስቀድሞ ማስላት ይሻላል። ከላይ ባየነው የ29 ቀን ዑደት ምሳሌ አመቺዎቹ ቀናት ከ10ኛው እስከ 15ኛው፣ ማለትም ከኅዳር 13 እስከ 18 ገደማ ናቸው። የመኪና ፈቃድና የትራንስፖርት ገንዘብ ስትፈልጉ እነዚህን ቀናት አስቡ።

ወረቀቱ የሚያሳስተው ማንን ነው?

በእንቁልጢ ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች የሚታዩበት የሆርሞን መዛባት ያለባት ሴት ኤል ኤች ዘወትር ከፍ ሊልባት ይችላል። ወረቀቱ በተደጋጋሚ ይደምቃል፣ እንቁላል ግን ላይለቀቅ ይችላል። የወር አበባዋ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ፊቷ ላይ ጸጉር የሚበዛባት እህት ወረቀቱን ትታ ሐኪም ብታይ ይሻላታል።

ወደ ማረጥ የተቃረበችም እንዲሁ ሊደምቅባት ይችላል። ያረገዘች ሴትም ይደምቅባታል፤ የእርግዝናው ሆርሞን ከኤል ኤች ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ጡት የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ገና ካልተመለሰ ቀን መቁጠሪያ ስለሌላት ወረቀት ማባከን ይሆንባታል።

ሌላው በካምፕ የምናየው የረሀብና የጭንቀት ጉዳይ ነው። ራሽን ሲቀነስ፣ ኪሎ በጣም ሲወርድ፣ ሐዘንና ሥጋት ሲበዛ አካል የወር አበባን ሊያቆም ይችላል። እንዲህ የሆነባት ሴት እርጉዝ ካልሆነች መመርመሪያው የሚነግራት አዲስ ነገር የለም። የወር አበባ ለ3 ወር ከጠፋ ክሊኒክ መሄድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ይህን ወረቀት እርግዝና ለመከላከል አትጠቀሙበት። የሚያስጠነቅቀው አንድ ቀን ተኩል ሲቀረው ነው፤ የወንድ ዘር ደግሞ 5 ቀን ይቆያል። «ዛሬ መስመር የለም» ብሎ የተገናኘ ሰው በሦስተኛው ቀን ሊያስረግዝ ይችላል።

የወንዱ መመርመሪያ

በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶች ከሚቸገሩ ጥንዶች ውስጥ ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ እንዳለ ያሳያሉ። በግብረ ሥጋ ብርቱ መሆንና የዘር ጤና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሌላ ሴት ልጅ ወልዶ የነበረም ቢሆን ዛሬ ደህና ነው ማለት አይደለም።

በቤት የሚደረገው የወንድ መመርመሪያ በአብዛኛው የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የዘር ቁጥር ከተወሰነ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ሚሊዮን፣ በላይ ነው ወይስ በታች። ዘሩ ይንቀሳቀሳል ወይ? ቅርጹስ ደህና ነው? ኢንፌክሽን አለ? እነዚህን አያይም። ቁጥሩ ሞልቶ የማይንቀሳቀስ ዘር ያለው ሰው በቤት መመርመሪያው «ደህና» ተብሎ ይዘናጋል።

ለዚህ ነው ከተማ ወርዶ በሆስፒታል ላብራቶሪ መመርመር የሚመረጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ላብራቶሪ ከሚያነጻጽርባቸው ዝቅተኛ ልኮች መካከል እነዚህ ይገኛሉ፦ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከዘሩ 42 በመቶ የሚንቀሳቀስ፣ የፈሳሹ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር። ከዚህ በታች መሆን መካን ያሰኛል ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ያንሳል፣ ምርመራው ይደገም፣ ምክንያቱ ይፈለግ ማለት ነው።

በቤትም ይሁን በላብራቶሪ ከመመርመር በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ይሰበሰብ። ምራቅ፣ ሳሙና፣ ቅባት አይንካው፤ ተራ ኮንዶምም አይሆንም፣ ዘሩን ይጎዳል። ወደ ላብራቶሪ የሚወሰድ ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ይድረስ፣ በመንገድ ላይ በውስጥ ኪስ ከገላ ጋር ተጠግቶ ይያዝ። ካምፑ ሩቅ ከሆነ ናሙናውን እዚያው ሆስፒታል መስጠት ነው የሚያዋጣው።

ወንድ ልጅ አዲስ ዘር አምርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ ወባ ወይም ሌላ በሽታ ይዞት በከፍተኛ ትኩሳት የሰነበተ ሰው ለ2 እና 3 ወር ውጤቱ ሊወርድ ይችላል። ያኔ የወጣ መጥፎ ውጤት ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጋ የቴስቶስትሮን መርፌም ዘርን ይቀንሳል፤ «ወንድነት ይጨምራል» ተብሎ የተወሰደው ነገር ልጅ ሊያስቀር ይችላል።

የሚያጓጉት ግን የማያዋጡት

«የእንቁላል ክምችት መመርመሪያ» ተብሎ የሚሸጠው የሽንት ወረቀት ኤፍ ኤስ ኤች የሚባል ሆርሞን ይለካል። ይህ ሆርሞን ከወር ወር፣ በአንድ ዑደት ውስጥም ከቀን ቀን ይለዋወጣል። አንዳንዱ ወረቀት እንዲያውም የተሠራው ማረጥን ለማየት ነው። በአንድ ወረቀት «እንቁላልሽ አልቋል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ከጣት ደም ወስዶ በፖስታ ወደ ላብራቶሪ የሚላከው ኤ ኤም ኤች ደግሞ በማስታወቂያ ብዙ ይባልለታል። ቋሚ አድራሻ ለሌለው የካምፕ ነዋሪ መላኩ ራሱ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን 750 ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ኤ ኤም ኤች ዝቅ ያለባቸው ሴቶች በተፈጥሮ ለማርገዝ ከሌሎቹ ያነሰ ዕድል አልነበራቸውም። ምርመራው ለሐኪም በሕክምና ወቅት መድኃኒት ለመመጠን ይጠቅመዋል። እናንተ በራሳችሁ ገንዘብ የምትገዙት ነገር አይደለም።

ማንም ወረቀት የማያየው

እንቁላልና ዘር ደህና ሆነው መገናኛ መንገዳቸው ሊዘጋ ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ ሳይታከሙ ሲቀሩ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥተው ጠባሳ ይተዋሉ። ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የተከሰተ ኢንፌክሽን፣ የማህፀን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ይህንኑ ያደርጋሉ። ቱቦው የሚታየው ቀለም ያለው ፈሳሽ ተሰጥቶ በራጅ በሚነሳ ምርመራ ወይም በሌላ የሆስፒታል ዘዴ ነው።

በስደት መንገድ ላይ ጥቃት የደረሰባት እህት ይህን ስታነብ ልቧ ሊደነግጥ ይችላል። እህታችን፣ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም ክሊኒክ ሄደሽ መመርመርና መታከም ትችያለሽ። ለባል፣ ለቤተሰብ ወይም ለኮሚቴ መናገር ግዴታ የለብሽም። ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ሲታከም ቢያንስ ተጨማሪ ጉዳት ይቆማል።

ስትገዙ የምታዩት

• የተጻፈውን ፊደል አረጋግጡ። የእርግዝናና የእንቁላል መለቀቂያ ወረቀት በመልክ መንትያ ናቸው። በላቲን ፊደል «ኤል ኤች» የሚል የእንቁላል መለቀቂያ ነው፤ «ኤች ሲ ጂ» የሚል የእርግዝና ነው። ማንበብ ካልቻላችሁ ሻጩን ሳይሆን ሌላ የሚያነብ ሰው አሳዩ።
• ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «08/2025» የሚል ፓኬት በእኛ ነሐሴ 2017 ላይ አብቅቷል። በ2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ «ገና 7 ዓመት አለው» ያለ ሰው ተታልሏል።
• የየአንዳንዱ ወረቀት ከረጢት በፋብሪካ የታሸገ ይሁን። ተከፍቶ በነጠላ የሚሸጥ አትግዙ።
• ብዙዎቹ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቀመጥ የለባቸውም። እንደ ካኩማ፣ ዳዳብና ገዳሪፍ ባሉ ሙቅ ቦታዎች የቆርቆሮ ሱቅ መደርደሪያ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚሸጠውን እለፉት።
• ቤት ስታስገቡ ከላስቲኩና ከቆርቆሮው አርቃችሁ፣ ጥላ ያለበት ዝቅ ያለ ቦታ፣ በክዳን በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡት። እርጥበትም ጠላቱ ነው። ከረጢቱ የሚቀደደው ልትጠቀሙበት ስትሉ ብቻ ነው።
• ከመመርመሪያው ጋር «የሚያስረግዝ ኪኒን» ከተሰጣችሁ መልሱ። ክሎሚፊን የሚባለው መድኃኒት ለአንዳንዶች ይታዘዛል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲወሰድ ግን እንቁልጢን ሊያሳብጥ፣ መንታና ከዚያም በላይ ሊያስረግዝ ይችላል። «ማህፀን የሚያጸዳ» እየተባለ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅጠልና ኬሚካልም ቁስልና ኢንፌክሽን ያመጣል።

ያለ ገንዘብ የሚሠራው

በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ የሚገናኙ ጥንዶች አመቺዎቹን ቀናት ሳያውቁም ያገኟቸዋል። አብረው ለሚኖሩ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው፤ ወረቀትም ጭንቀትም አይፈልግም። ሴቷም የማህፀን ፈሳሿን መመልከት ትችላለች። እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ሲቀጥን፣ ሲጠራና በጣቶች መካከል ሲሳብ ቀኑ ደርሷል። በሙቀት መለኪያ መከታተል የሚባለውም ዘዴ አለ፤ ግን ለውጡ ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ፣ የሚታየውም እንቁላሉ ከተለቀቀ በኋላ ስለሆነ፣ በሸራ ቤት ሙቀትና ወባ ባለበት ቦታ ብዙም አይረዳም።

ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ የተሻለ መዋያ አለው። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ሳታረግዝ ጀምራ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ በሕፃኑ ጭንቅላትና አከርካሪ ላይ የሚደርስን የአፈጣጠር ጉድለት ይቀንሳል። መጀመሪያ ክሊኒካችሁን ጠይቁ፣ በነጻ ሊኖር ይችላል።

ክሊኒክ መቼ? ምን ይዞ?

መመርመሪያ ሳትገዙ በቀጥታ የምትሄዱት እነዚህ ካሉ ነው፦ የወር አበባ ለ3 ወር መጥፋት፣ ከ21 ቀን ማነስ ወይም ከ35 ቀን መብለጥ፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም በታችኛው ሆድ የሚቆይ ሕመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ውርጃ፣ በወንዱ በኩል የፍሬ ማበጥ ወይም ጆሮ ደግፍ ወደ ፍሬው ወርዶበት ከነበረ። ከሁለት አንዳችሁ ኤች አይ ቪ ካለባችሁ፣ ወይም ሴቷ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ከመሞከራችሁ በፊት አማክሩ፤ በሕክምና ክትትል ጤናማ ልጅ መውለድ ይቻላል።

የወር አበባ ዘግይቶባት በአንድ ጎን ሆዷን አጥብቆ የሚያማት፣ የምትደማ፣ የሚያዞራት ሴት ግን ቀን አትጠብቅ። እርግዝናው በቱቦ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

ስትሄዱ የወር አበባ ቀናት የተጻፈበትን ወረቀት፣ የተጠቀማችሁትን መከላከያና ያቆማችሁበትን ቀን፣ የቀድሞ እርግዝናና ሕመም ታሪካችሁን ያዙ። ሁለታችሁም ሂዱ። አስተርጓሚው ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነና ካልተመቻችሁ ሌላ እንዲቀየር፣ ሴቷም ሴት አስተርጓሚ እንዲመጣላት መጠየቅ ትችላላችሁ።

እውነቱን ለመናገር በካምፕ ክሊኒክ የሚገኘው ውስን ነው። የስደተኞች ሪፈራል ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕይወት አስጊ ሕመም ስለሆነ ለመካንነት ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ቀላል አይደለም። ግን የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ፣ የደም ማነስ ሕክምና እና ምክር በመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒክ የሚጠየቁ ናቸው። ለብዙ ጥንዶች መንገዱ የሚጀመረው ከዚያ ነው። አገር ቤት ላሉ ተፈናቃዮች ደግሞ፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመካንነት ሕክምና ይሰጣል።

ለቤተሰብ አንድ ቃል

እናትና አማት፣ የንስሐ አባት፣ ሼኽ፣ የኮሚኒቲ ሽማግሌ ይህን ጉዳይ ሲሰሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው «ሁለቱም ተመርምረዋል ወይ?» ብለው ነው። ሁለቱ በላብራቶሪ ሳይታዩ «መካን» የሚለውን ቃል ማንም በማንም ላይ ባይለጥፍ መልካም ነው። በጸሎት የሚጽናና ይጸልይ፣ ጸበሉንም ይጠጣ፤ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ።

የዚህ ወር ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ምርጫችን ይህ ነው። አንድ ዓመት ካልሞላችሁ ለምግብ አውሉት። ዓመት ካለፋችሁ ለባልየው የላብራቶሪ ምርመራ ትራንስፖርት ይሁን፤ ሴቷም በዚያው ሰሞን በካምፑ ክሊኒክ ትታይ። የተለያያችሁና ቀን መምረጥ ያለባችሁ ከሆናችሁ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ በደንብ የታሸገ ርካሹን የኤል ኤች ወረቀት ግዙ።